ለቅሶ ቤት ምን ይባላል?

«ጋሼ፣ ተማሪዬ አርፎብኛል፤ ወላጆቹ ፊት ምን ብዬ ልቅረብ?» ስትል አንዲት ወጣት መምህርት ሰሞኑን ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ በ1980ዎቹ ደሴ ሳስተምር የደረሰብንን ሐዘን ቀስቅሶብኛልና ለእናንተም ልጻፍላችሁ።

አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን በድንገተኛ ሕመም አርፎ መምህራን ተሰባስበን ለቅሶ ደረስን። በእድሩ ድንኳን ውስጥ አግዳሚው ላይ እንደ ተቀመጥን፣ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ተነሥተው እግዚአብሔር የሚወደውን ቀድሞ እንደሚወስድ፣ ለእናቲቱም ሌሎች ልጆች እንደ ቀሩላት አስረዝመው ተናገሩ። እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መሬት መሬቱን ታያለች እንጂ ቀና አላለችም። ኋላ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አጠገቧ ተቀመጡና፣ «ልጅሽ ጠዋት ጠዋት ‹አባባ፣ ብርዱን እንዴት አደሩት?› ሳይለኝ በሩን አያልፍም ነበር» አሏት። ያን ጊዜ ቀና ብላ «እንዲህ ይልዎት ነበር?» አለች፤ ደግመው ነገሯት። ከዚያ በኋላ እያለቀሰች ስለ ልጇ ማውራት ጀመረች።

እኔ ዘንድ ለእርማት የሰበሰብሁት የድርሰት ደብተሩ ነበር፤ መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም ከእናቱ ጋር የወጣበትን ጉዞ ጽፎበታል። ሰው ሲቀንስ ልወስድላት አስቤ ሳለ፣ ቤተሰቡ አርባው ሳይወጣ ከተማውን ለቀቀ፤ የሄዱበትን የሚያውቅ ሰው ብጠይቅም አላገኘሁም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ ለሙስሊም ቤተሰብም «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ብላችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ከዚያ በላይ ንግግር አያስፈልግም። ሟቹን የምታውቁት ከሆነ ግን ዝም አትበሉ፤ ያያችሁትን አንድ ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ስሙን ጠርታችሁ ንገሯቸው። «ምን ነካው? ለምን ቶሎ ሐኪም ቤት አልወሰዳችሁትም?» እያሉ መመርመር ግን ሐዘንተኛውን ጥፋተኛ ያደርገዋል።

የዛሬ ወጣት ከፎቶ ሥር «ነፍስ ይማር» ጽፎ ለቅሶ የደረሰ ይመስለዋል፤ ይህን ፈጽሞ አልቀበለውም። ባሕር ማዶ ያለ ሰው እንኳ ድምፁን ማሰማት ይችላል። ሠልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነቀል ቤቱ ጭር ይላል፤ ሐዘንተኛው ስለ ሟቹ የሚያወራው ሰው አብዝቶ የሚፈልገው ያን ጊዜ ነው። ስልካችሁ ከእጃችሁ ስለማይለይ አርባውንና ሙት ዓመቱን መዝግቡበትና፣ ቀኑ ሲደርስ የምትችሉ ሂዱ፣ የማትችሉ ደውሉ።