ዋሻ ውስጥ ልትጠልቁ ላሰባችሁ ልጆች

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ቡና ስጠጣ የጎረቤቴ ልጅ መጣና «ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሜክሲኮ ሄደን ውሃ የሞላባቸው ዋሻዎች ውስጥ ልንጠልቅ ነው፤ የትኛው ካሜራ ይሻለናል?» አለኝ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ካሜራ! የዘንድሮን ወጣት ማማት አልወድም፤ ግን ነገሩን ከማየታችሁ በፊት ለመቅረጽ ትቸኩላላችሁ። የልጁ ጥያቄ ደግሞ የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝ።

መጥለቅ የተማርኩት ምጽዋ ነው። ቀይ ባሕር ጥሩ ነው፤ ዓሣው ከሩቅ ሲመጣ ይታያል። ኋላ ወሎ ስመለስ ሐይቅ ውስጥ የሰመጠ ሰው ፈልጉልን ተባልንና ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ገባን። የሐይቅን ደለል የማያውቅ ሰው ምን ብዬ ላስረዳው? እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው። በእግርህ አንዴ ከነካኸው ይነሳና መብራትህ ፊት ቡናማ ግድግዳ ይሆናል። ሰዓቴን ከመነጽሬ ጋር አጣብቄው እንኳ ቁጥሩ አልታየኝም። ያኔ ባልደረባዬ እጄን ያዘና አውራ ጣቱን መዳፌ ውስጥ ከተተው። እንውጣ ማለቱ ነው። ወጣን።

ዳር ላይ ለቅሶ ነበር። ቤተሰቡ ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ ልጃቸው ውሃ ውስጥ ነው። ግን ሥራውን የሚመራው ሰው ባልደረባዬን በሕዝብ ፊት «ፈሪ» አለው። አስከሬኑ በኋላ ራሱ ተንሳፎ ወጣ። ባልደረባዬ ግን ከዚያ ወዲህ ውሃ አልገባም። አብረን ሄደን እነዚያን የሩቅ አገር ዋሻዎች ልናይ ተነጋግረን ነበር፤ ፎቶ ከመጽሔት እየቆረጠ ያስቀምጥ ነበር። ጎበዝ ጠላቂ ነበር፣ በጣም ጎበዝ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ዋሻ ጠላቂዎች እንደ ባልደረባዬ እንውጣ የሚለውን ሰው የሚያስከብር ሕግ አላቸው። ማንም በማንኛውም ሰዓት እንመለስ ካለ፣ ሁሉም ይመለሳል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ሐይቅ ውስጥ ቢጨንቅህ ቀስ ብለህ ወደ ላይ ትወጣለህ፤ ዋሻ ውስጥ ከላይህ ያለው ድንጋይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ማን «እንመለስ» ብሎ እንደማያፍር ተያዩ። የሚያፍር ካለ አብራችሁ አትግቡ።

ተራው የመጥለቅ ፈቃድ ለዋሻ አይበቃም፤ ለብቻው ሥልጠና አለው። ሼክ ኤክስሊ የሚባል አሜሪካዊ ዋሻ ጠላቂ የሞቱ ጠላቂዎችን ታሪክ እየመረመረ የጻፈው ነገር ዛሬም ይሠራበታል። እስከ ውጭ የማይቋረጥ ገመድ ይኑር። ከአየሩ ሲሶው መግቢያ፣ ሲሶው መውጫ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት መብራት። ይህን ሁሉ ያስተማረው ኤክስሊ ራሱ በ1994 እ.ኤ.አ. እዚያው ሜክሲኮ፣ ዛካቶን በሚባል ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ሞተ። ልጄ ብትሆን አልፈቅድላትም። እናንተን ግን አትሂዱ አልልም፤ በደንብ ተምራችሁ ሂዱ፣ አብሽሩ።

የትኬቱን ቀን ስትቆርጡ ደግሞ ከመጨረሻው መጥለቅ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ሳታርፉ አትብረሩ። በደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ይሠራል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ደግሞ ደሴ ላይ ካለው ብዙም አይርቅም። ሐይቅ ውስጥ ጠልቆ የዚያኑ ዕለት በመኪና ወደ ደሴ የሚወጣም ከፍታው ስለሚጨምር ይጠንቀቅ።