ለጎረቤት ባትነግሪም ለአዋላጇ ንገሪ

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የምኖረው ጅማ ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ባለቤቴ ሥራው አሰንዳቦ ስለሆነ ቤት የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ነው። የመጨረሻ የወር አበባዬ የመጣው ጥቅምት 8 ነበር። የኅዳሩ ሲቀር ድካም ነው ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ከፋርማሲ መመርመሪያ ገዝቼ ሞከርኩት፤ ሁለት ሰረዝ አወጣ። ይህን የምጽፍልዎት ታኅሣሥ 2 ነው።

ደስ ብሎኛል፤ ግን ደስታዬን ማመን አቃተኝ። አምና አንድ ፅንስ በሁለት ወሩ ጨንግፎብኛል። ያኔ ገና እንዳወቅኩ ለግቢው ሰው ሁሉ ተናግሬ ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ «ዓይን ነው የበላሽ» ትላለች። አሁንም ስነግራት እልል አላለችም። «ለማንም እንዳትተነፍሺ። መጀመሪያ ይጥና። አራት ወር ሲሞላሽ ካርድ ታወጫለሽ። እኔ ስድስት ስወልድ ማን ተከታተለኝ?» አለችኝ። የባለቤቴ እህትም በአምስት ወሯ ጀምራ በሰላም ተገላግላለች።

ባለቤቴ ደግሞ አሁኑኑ ሂጂ ይላል። ስለዚህ አንድ ቀን ከሥራ አስፈቅጄ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ሴት ስንት ወርሽ ነው አለችኝ። ሁለት ሊሆነኝ ነው ስላት «ገና ነሽ፤ ሆድሽ ሲታይ ነይ» ብላ ጮክ ብላ መለሰችኝ። ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩኝ። አንዷ የጎረቤታችን ዘመድ ናት። ከዚያ ወዲህ እግሬ አልሄደም።

ጓደኛዬ በግል ክሊኒክ አልትራሳውንድ ታዪ ትለኛለች። እሷ ግን ራሷ በአምስት ሳምንቷ ታይታ «ምንም የለም» ተብላ ስታለቅስ ከርማ ነበር። ልጇ ይኸው ዛሬ ይድሃል። ጾሙንም ይዣለሁ። ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኛል። የቡና ሽታ ራሱ አልቻልኩም፤ ጅማ ላይ ደግሞ ከቡና ሽታ የት ይሸሻል?

ክትትል መጀመር ያለብኝ መቼ ነው? ቶሎ መሄዱስ ምን ይጠቅመኛል? «የሚወርድ ከሆነ ሐኪም አያስቀረውም» ትላለች እናቴ። እውነቷን ይሆን?

ሆዴ ገና ያልገፋ ነኝ፣ ከጅማ

መልስ

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። አሁን ሂጂ። ገናን እንኳ አትጠብቂ። መልሴ ይኸው ነው፤ የቀረው ለምን እንደሆነ ነው።

ከእናትሽ ልጀምር። ለሰው አትናገሪ ማለታቸውን አልቃወምም። አምና ላገኘሽው ሰው ሁሉ «ቀረ» እያልሽ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም አይተሽዋል። ስለዚህ ምስጢርሽን ያዢ፤ እስከ ፈለግሽው ጊዜ ያዢ። ችግሩ የሚመጣው ጎረቤትና አዋላጅ አንድ ላይ ሲቆጠሩ ነው። ለጎረቤት የሚነገረው ደስ እንዲላቸው ነው። ለአዋላጇ የሚነገረው ግን ሥራ እንድትሠራበት ነው። አራት ወር የሚጠብቀው ወሬው ይሁን፤ ምርመራው አይጠብቅም።

እስቲ ወርሽን እንቁጠር። ጤና ጣቢያ የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። ከጥቅምት 8 እስከ ታኅሣሥ 2 ድረስ 54 ቀን ነው። ደብዳቤውን በጻፍሽበት ቀን ሰባት ሳምንት ከአምስት ቀን ሆኖሻል ማለት ነው። 12 ሳምንት የሚሞላሽ ጥር 2 ነው። የመውለጃሽን ቀን ለማወቅ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ትጨምሪያለሽ። መሃል ላይ ጳጉሜን ካለች አሥሩ ቀን አምስት ይሆናል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት አራት። አንቺን ጳጉሜን አታገኝሽም። ሐምሌ 18 አካባቢ ጠብቂ፤ ከዚያ ቀድሞም ዘግይቶም ሊመጣ ይችላል።

ቀኑን በትክክል በማስታወስሽ በጣም ደስ ብሎኛል። በአዋላጅነት በሠራሁባቸው ዓመታት በአምስትና በስድስት ወራቸው የሚመጡ እናቶችን ስጠይቅ የማገኘው መልስ «መስቀል ሰሞን መሰለኝ» የሚል ነበር። መጨረሻ ላይ ምጥ ቀድሞ ሲመጣ ወይም ሲዘገይ፣ ልጁ ጊዜው ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚለውን ለመወሰን እንቸገራለን። መጀመሪያ ላይ የተጻፈ ቀን ያን ጊዜ ዋጋው ይታያል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ የመጀመሪያው ክትትል እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲሆን፣ በጠቅላላው ደግሞ 8 ጊዜ እንዲሆን ይመክራል። ቀድሞ 4 ጊዜ ነበር። እኛ አገር ግን ልማዱ አሁንም የእናትሽ ነው። በዚያው በ2016 በተደረገው የአገሪቱ የሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከወለዱ 100 ሴቶች 62ቱ በባለሙያ ክትትል አግኝተዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ግን 20 ብቻ ናቸው። በ2019 ይኸው ቁጥር 28 ደርሷል። እንግዲህ የባለቤትሽ እህት ያደረገችው ብዙው ሰው የሚያደርገውን ነው። በሰላም መገላገሏም እሰየው ነው። ግን የእሷ እርግዝና ያንቺ አይደለም፤ አንቺ አምና ጨንግፎብሻል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ። የሚወርድ ከሆነ ሐኪም አያስቀረውም የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ከታወቁ 100 እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይጨነግፋሉ፤ አብዛኞቹም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት። ከእነዚህ ወደ ግማሽ የሚጠጉት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ፅንሱ ገና ሲፈጠር ክሮሞዞሙ ላይ፣ ማለትም ከእናትና ከአባት የሚወርሰውን ዘር በሚሸከመው ነገር ላይ፣ በተፈጠረ ስህተት ነው። ያንን ኪኒንም አያቆመውም፣ አልጋ ላይ መተኛትም አያቆመውም። ስለዚህ ይህን በደንብ ስሚኝ፦ አምና የሆነው ለሰው ስለነገርሽ አይደለም። ባጃጅ ላይ ስለተንገጫገጭሽም፣ ዕቃ ስላነሳሽም አይደለም። አንድ ጊዜ የጨነገፈባቸው አብዛኞቹ ሴቶችም ቀጥለው በሰላም ይወልዳሉ።

ግማሹ ግን እውነት አይደለም። በተለይ ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ የደም ዓይነትሽ ነው። አምና ተመርምረሽ ነበር? በደብዳቤሽ አላነሳሽውም። ደምሽ ኔጌቲቭ ከሆነና የፅንሱ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በወሊድ ወይም በውርጃ ጊዜ ደሙ ከደምሽ ሲገናኝ ሰውነትሽ እንደ ጠላት ቆጥሮ መከላከያ ሊያመርት ይችላል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ያመልጣል፤ የሚቀጥሉት ናቸው የሚጎዱት። አያቶቻችን ሾተላይ እያሉ በየጠበሉና በየአዋቂ ቤት የተንከራተቱበት ነገር ይህ ነው። ዛሬ መርፌ አለው። በ28 ሳምንት ይሰጣል፤ ከወሊድ በኋላም የልጁ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ግን መርፌው የሚሠራው መከላከያው ሳይመረት በፊት ነው። በየፋርማሲው የሚገኝ ነገርም አይደለም፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። አሁን ብታውቂው ለማፈላለግ ወራት ይኖሩሻል። ምናልባት ፖዘቲቭ ነሽ፤ ብዙው ሰው ነው። ያኔ ነገሩ በአንዲት ጠብታ ደም ያልቃል።

ከዚያው ደም ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና የደም ማነስ ይታያሉ። ሽንትም ይመረመራል። ቂጥኝ ቀድሞ ከተገኘ በፔኒሲሊን ይድናል፤ ኤችአይቪም መድኃኒቱ ቶሎ ሲጀመር ወደ ልጁ የመተላለፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። የደም ግፊትሽን ደግሞ ማንም እንደ ቁም ነገር አያወራውም፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ሰባት ወር ላይ 140/90 ሆነሽ ብትገኚ፣ ድሮም የነበረ ነው ወይስ እርግዝናው ያመጣው? የዛሬው ቁጥር ካልተጻፈ ያን ቀን መገመት ነው የሚሆነው።

ስለ ፎሊክ አሲድ እውነቱን ልንገርሽ። የልጁ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው። በእኛ ቆጠራ ስድስት ሳምንት አካባቢ። አንቺን አልፎሻል። ይህን የምለው እንድትደነግጪ አይደለም፤ አብዛኞቹ ልጆች በደህና ነው የሚወለዱት። ለሚቀጥለው ግን ከማርገዝሽ በፊት ጀምሪ፤ በቀን 400 ማይክሮ ግራም። ሌሎች እህቶችም ይህን ሲያነቡ እንዲይዙት ነው። አሁን ጤና ጣቢያ የሚሰጡሽ አይረንና ፎሊክ አሲድ አንድ ላይ ያለበት ኪኒን ነው፤ ደም ማነስን ይከላከላል። በየቀኑ ዋጪው፤ ብቻ ከቡናና ከሻይ ጋር እንዳይሆን፣ አይረኑን ሰውነትሽ እንዳይወስደው ያደርጋሉ።

ቡናው ካስጠላሽ ይሁን፣ አትታገይው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል። ስኒው ትንሽ ነው ብለን ነው እንጂ አቦል፣ ቶናና በረካ ጠዋትም ማታም ሲደጋገሙ ይበዛሉ። ጫት ካለ ደግሞ ጭራሽ ይቅር። ለማስመለሱ ከአልጋ ሳትነሺ ደረቅ ነገር ቅመሺ፤ ቆሎ፣ ቂጣ፣ ያገኘሽውን። ጾሙን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ እንዳረገዝሽ ግን ሳትደብቂ ንገሪያቸው።

ሌላው የምፈራልሽ ፋርማሲ ነው። ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት ሲመጣ «ታይፎይድ ነው»፣ «ጨጓራ ነው» እየተባለ በግምት የሚሸጥ ኪኒን ብዙ ነው። እርጉዝ ነኝ ሳትይ ምንም እንዳትገዢ። የአያት ኮሶም ይቅርብሽ። ባለቤትሽ ጋ አሰንዳቦ ስትሄጂም አጎበር ውስጥ ተኚ። የግልገል ጊቤ ግድብ አካባቢ ወባ አለ፤ እርጉዝ ሴት ላይ ደግሞ ወባ ይከፋል። ትኩሳት ከተሰማሽ በዚያው ቀን ተመርመሪ።

አልትራሳውንዱን በተመለከተ ጓደኛሽ የቸኮለችው በእሱ ነው። በአምስት ሳምንት ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር የለም። ከሰባት ሳምንት ወዲህ ግን የልብ ምት ይታያል፤ አንቺ ደርሰሻል። ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ መታየት ይመከራል፤ ቀደም ሲል ደግሞ ዕድሜውን በትክክል ይናገራል። ብቻ ምስሉን አይተሽ ክትትል ጀመርኩ እንዳትይ። አልትራሳውንድ ደም ግፊት አይለካም።

ጤና ጣቢያ የመለሰችሽ ሴት ተሳስታለች። ጮክ ብላ መናገሯ ደግሞ ነውር ነው። ጅማ ውስጥ ከአንድ በላይ የመንግሥት ጤና ጣቢያ አለ፤ የጎረቤት ዓይን ካሳሰበሽ ባጃጅ ይዘሽ ወደ ሌላው ሂጂ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእናቶች ክትትል ነፃ ነው። ካርድ ክፍል ብዙ አታስረጂ። አዋላጇ ጋ ስትገቢ በአንድ ትንፋሽ እንዲህ በያት፦ «የመጨረሻ የወር አበባዬ ጥቅምት 8 ነው፤ አምና በሁለት ወሩ ጨንግፎብኛል፤ የደም ዓይነቴን ማወቅ እፈልጋለሁ»። እንዲህ ብለሽ ማንም አይመልስሽም። ከመለሰሽ ኃላፊዋን ጠይቂ፤ አትፈሪ።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ደም ከፈሰሰሽ፣ ከእምብርትሽ በታች በአንድ ጎን ኃይለኛ ሕመም ከያዘሽ፣ ከዞረብሽና ከወደቅሽ፣ ውኃ እንኳ ሆድሽ ውስጥ አልቆይ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሂጂ። ፅንሱ ከማኅፀን ውጭ ተቀምጦ ከሆነ ሰዓታት ነው የሚቆጠረው። በሥራ ቀን ባለቤትሽ አሰንዳቦ ስለሆነ ማን እንደሚወስድሽ ከአሁኑ ተነጋገሩ፤ የአንድ ባጃጅ ሹፌር ስልክም ያዢ።

ከመሄድሽ በፊት ባለው ማታ እናትሽን አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ጠይቂያቸው። ስድስቱን ሲወልዱ ደም ፈሷቸው ያውቃል? የሞተ ልጅ ነበር? በዘር ደም ግፊት፣ ስኳር፣ መንታ አለ? አዋላጇ ይህን ሁሉ ትጠይቅሻለች፤ መልሱ ያለው እሳቸው ጋ ነው።