ከፕሮግራሙ በፊት የግፊት ፋይልሽን እዪ

«የኮስሚክ ጨረር ኒውትሮን ሴንሰር ዳታን ወደ አፈር እርጥበት ለመቀየር ኤክሴል ይሻላል ወይስ ፓይተን?» ላልሽው እህት፦ ፓይተን። (ሴንሰሩ ማሳው ላይ ቆሞ ኒውትሮን ይቆጥራል፤ ከቁጥሩ የአፈሩን እርጥበት እናሰላለን።) እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው።

1ኛ፦ ጥሬውን ፋይል አትንኪ፤ ኮፒው ላይ ሥሪ።

2ኛ፦ የየሰዓቱ ቁጥር ሲዘል አትደንግጪ። በሰዓት 900 ኒውትሮን ከተቆጠረ 30 ያህል ከፍ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። መጀመሪያ የአየር ግፊትና የመሳሰሉትን እርማት ሥሪ፣ ከዚያ የ24 ሰዓት አማካይ ውሰጂ።

3ኛ፦ የአየር ግፊት። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ጀርመን ስማር የሴንሰራችን ግፊት መለኪያ ተበላሸ። ከአንድ ቢሮ የአካባቢውን ግፊት ለመንኩ። ሁለት ሳምንት አስጠብቀው ላኩልኝ፤ ክፍተቱን በእሱ ሞላሁ። ግራፉ አፈሩ ደርቋል አለኝ። እኔ እኮ ያን ዕለት ጠዋት ከማሳው የመጣሁት ጫማዬ ጭቃ ተሸክሞ ነው!

ስድስት ሳምንት ከኮዴ ጋር ስጣላ ከረምኩ። የዩንግፍራውዮክን ጣቢያ ዳታ (ከሰማይ የሚመጣውን የኮስሚክ ጨረር መጠን የምናርምበት፣ ስዊዘርላንድ ያለ ጣቢያ ነው) ደግሜ አወረድኩ። ሲብስብኝ ማሳውን 18 ቦታ ቆፍሬ፣ አፈሩን በ105 ዲግሪ አድርቄ፣ ኤን ዜሮን (ቆጠራውን ወደ እርጥበት የሚቀይረውን የማሳውን ቋሚ ቁጥር) እንደ አዲስ አሰላሁ። በዚህም ደህና የነበረውን የቀድሞ ውጤት አበላሸሁት። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው፤ ካሊብሬሽን (ሴንሰሩን ከተቆፈረው አፈር ጋር ማስተካከል) የተበላሸ ዳታ መጠገኛ አይደለም።

ለካስ የላኩልኝ ማሳው ባሕር ወለል ላይ ያለ ይመስል የተሰላ ግፊት ነው። ማሳው 100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ልዩነቱ 12 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ዓይን አይገባም። ግን እያንዳንዷ ሄክቶፓስካል ቆጠራውን በ0.75 በመቶ ገደማ ታዛባለች። የከበደ አየር ኒውትሮን ስለሚያስቀር፣ ፕሮግራሙ አየሩ የከበደ መስሎት ለማካካስ ቆጠራውን በ9 በመቶ ሰቀለው። ኒውትሮን በዛ ማለት ደግሞ አፈሩ ደረቀ ማለት ነው። አዲስ አበባ ብሆን ወዲያው ይነቃብኝ ነበር፤ እዚያ ትክክለኛው 770 አካባቢ ነው፣ 1,015 ሲመጣ ማንም ያያል።

ቢሮው ጋ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሴት «ሄደሩ (የፋይሉ አናት ያለው መግለጫ) ላይ ተጽፏል» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እውነቷን ነው፣ ተጽፏል። በምህጻረ ቃል፣ ከአርባ መስመር በታች!

የፋይሉን ስህተት ያገኘሁት ግን ራሴ ነኝ፣ ፕሮፌሰሬ አይደለም። አሁን አዲስ ተማሪ ሲመጣ ወደ እኔ ነው የሚልከው።

4ኛ፦ ሰዓት። የሁሉንም ዳታ ሰዓት ወደ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) አምጪው። የግፊት ፋይልሽን ሄደር እዚህ ለጥፊልኝ፣ ማታ አየዋለሁ።