«መርጨት እችላለሁ» ከማለትዎ በፊት

ውድ ጠያቂ፣

በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቀው በቱሉ ዲምቱ ከቤተሰብዎ ጋር እንደሚኖሩ፣ በአቅራቢያዎ ያለ ዩኒቨርሲቲ የግቢ ውበት ባለሙያ ለመቅጠር ያወጣውን ማስታወቂያ እንዳዩ ገልጸው፣ «ዲግሪ ይዤ ሣር አጫጅ ልሁን? ለቃለ መጠይቁስ ኬሚካል መርጨት እንደምችል መናገሬ ይበቃል?» ሲሉ ጠይቀውኛል።

ያመልክቱ። መርጨት መቻልዎ ግን አይበቃም፤ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ በሚያጠናበት መስክ ላይ የባለሙያው ዋጋ የሚለካው መርጨት የማያስፈልገውን ጊዜ ለይቶ በማወቁ ነው። የተቀናጀ የተባይ መከላከል የሚባለውም ይኸው ነው። የአቃቂ ሜዳ ጥቁር ሸክላ አፈር በክረምት ውሃ ስለሚቋጥር ሣሩ ሥሩ ታፍኖ ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ መድኃኒቱ የውሃ መውረጃ ቦይ ነው፣ ፀረ ተባይ ቢረጩበት ገንዘብ ማባከን ብቻ ይሆናል። ሣሩንም በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አያሳጭዱ፤ ተላጭቶ የከረመ ሣር ለአረም ቦታ ይለቃል።

ሣሩን ያቢጫው ውሃ ይሁን ተባይ ለመለየት፣ ቢጫው ከአረንጓዴው በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ጎንና ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ለክተው ሦስቱን ጎን በቢላ ይቁረጡና ሣሩን እንደ ምንጣፍ ይግለጡት። ሥሩ ተበልቶ ከሆነ ያለ ትግል ይነሣል፤ ከሥሩም ራሱ ቡናማ፣ ገላው ነጭ፣ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ የጢንዚዛ እጭ ያገኛሉ። ይቍጠሩት። አንድ ሁለት ከሆነ ጤነኛ ሣር ይችለዋል፤ ወደ አሥር ከተጠጋ እርምጃ ያስፈልጋል። ከዚያ ሣሩን መልሰው ይርገጡት፣ ውሃም ያጠጡት። ለፍልፈል በበኩሌ ወጥመድን እመርጣለሁ፤ መርዙ ለውሻና ለአሞራም ይተርፋልና።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ንም አንብበው ይግቡ። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ግቢ አትክልተኛው ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል ሲረጭ እያየሁ ዝም በማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ስለዚህ መከላከያ ልብስ ለሠራተኞች ይቀርብ እንደሆነ እርስዎ ፈታኞቹን ይጠይቁ።

እስከ ቃለ መጠይቁ ድረስ በሰፈርዎ ካለ ትምህርት ቤት አስፈቅደው በየሦስት ቀኑ ግቢውን ይዙሩ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያዩትን ተባይና ቁጥሩን በደብተር ይመዝግቡ። ደብተሩን ከትምህርት ማስረጃዎ ጋር ይዘው ይቅረቡ።