አይልትስ፦ ራይቲንጉን ለመጨረሻ አታሳድሪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ለማስተርስ አይልትስ አካዳሚክ 6.5 ተጠይቄያለሁ፤ ሁለት ወር ቀርቶኛል፤ ቀን ቀን ሥራ ላይ ነኝ። ኮርስ ልግባ ወይስ ራሴን ችዬ ላጥና? የሚሸመደድ ድርሰት ያለውም ካለ ይላክልኝ» ነው ያልሽው። አይልትስ የእንግሊዝኛ ችሎታ የሚለካበት ፈተና ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ ተፈትኛለሁ። በመጀመሪያው የሠራሁትን ስህተት አንቺም ልትሠሪው ጫፍ ላይ ስለሆንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

ከሁሉ በፊት የተጠየቅሽውን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቢው። 6.5 የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። ከሥሩ «በየትኛውም ክፍል ከ6.0 እንዳያንስ» የምትል መስመር ትኖራለች። እኔን የጣለችኝ ይቺ መስመር ናት። ሊስኒንግ (ማዳመጥ) 7.5፣ ሪዲንግ (ማንበብ) 7.0፣ ስፒኪንግ (መናገር) 6.5፣ ራይቲንግ (መጻፍ) 5.5 አመጣሁ። ተደምሮ ለአራት ሲካፈል 6.625 ነው፤ ወደሚቀርበው ግማሽ ሲጠጋጋ 6.5 ይሆናል። አጠቃላይ ውጤቴ ልክ የተጠየቅሁት ነበር። ማመልከቻዬ ግን በራይቲንግ ምክንያት ተመለሰ። ውጤቱን ሳይ ተደስቼ ቤተሰብ ሁሉ ጋር ደውዬ ነበርና፣ መልሱ ሲመጣ ቀኑ ጨለመብኝ።

አካዳሚክ መሆኑንም ስትመዘገቢ ደግመሽ አረጋግጪ። ጄኔራል ትሬኒንግ የሚባለው በአብዛኛው ለሥራና ለመኖሪያ ፈቃድ የሚጠየቅ ነው። ሊስኒንግና ስፒኪንጉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሪዲንግና ራይቲንጉ ግን ይለያያል። ቶፍል፣ ፒቲኢ ወይም ዱኦሊንጎ የሚባሉትን ሌሎች የእንግሊዝኛ ፈተናዎች የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችም ብዙ ናቸው። ምርጫ ከሰጡሽ አስቢበት። በእነሱ እንደሚደረገው ማይክሮፎን ላይ ብቻሽን ማውራት የሚያስጨንቅሽ ከሆነ አይልትስ ይሻልሻል፤ ስፒኪንጉ ከሰው ጋር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የሚሸመደድ ድርሰት አልክልሽም። ቢኖረኝም አልክልሽም። ምቀኝነት አይደለም፤ ስለሚጎዳሽ ነው።

እኔ አሥር የሚሆኑ ድርሰቶች በቃሌ ይዤ ነው የገባሁት። የመጣው ጥያቄ «በዚህ ሐሳብ ምን ያህል ትስማማለህ?» የሚል ነበር። የሸመደድኩት መግቢያ ግን ጥቅምና ጉዳት ለሚያነጻጽር ጥያቄ የሚሆን ነው። እሱኑ ገለበጥኩት። አቋሜን ሳልናገር አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስል ጨረስኩ። ስወጣ አሪፍ የጻፍኩ ይመስለኝ ነበር። ጥያቄውን አልመለስኩም።

ራይቲንግ የሚታረመው በአራት መመዘኛ ነው፤ አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። ጥያቄውን መመለስሽ፣ ሐሳብሽ ተያይዞ መፍሰሱ፣ የቃላት አጠቃቀምሽና ሰዋስውሽ። ሽምደዳ የመጀመሪያውን ይገድለዋል። ደግሞ ፈታኞቹ ያውቁታል። ያማረው መግቢያ አልቆ የራስሽ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ልዩነቱ ያሳብቃል።

ሁለተኛው ጥፋቴ የሰዓት ነው። 60 ደቂቃው ለሁለት ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው ግራፍ ወይም ሠንጠረዥ ዓይቶ ቢያንስ 150 ቃል መጻፍ ነው። ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃል ያለው ድርሰት ሲሆን የመጀመሪያውን እጥፍ ይመዝናል። እኔ ግራፉ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ስዘረዝር 35 ደቂቃ በላሁ። ለድርሰቱ 25 ቀረኝ። መደምደሚያ ሳልጽፍ ሰዓቱ አለቀ። ግራፉ ላይ የሚፈለገው ዋና ዋናው ነው፤ ምን ጨመረ፣ ምን ቀነሰ፣ የቱ ከየቱ በለጠ። 20 ደቂቃ ሲሞላ፣ የጻፍሽው ባይጥምሽም፣ ትተሽው ወደ ድርሰቱ እለፊ።

ለሁለተኛው ሙከራ ሰባት ሳምንት ነበረኝ፤ እንዳንቺው ሥራ ላይ ሆኜ። አዲስ የሰዋስው መጽሐፍ አልገዛሁም። በሳምንት ሦስት ማታ፣ ሰዓት ይዤ፣ በ40 ደቂቃ አንድ ድርሰት እጽፍ ነበር። በማግሥቱ እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ አነበዋለሁ። ከዚያ እንግሊዝኛ ለሚያስተምር ጓደኛዬ እሰጠዋለሁ። እሱ ያሰመረበትን ሁሉ አንድ ደብተር ላይ ሰበሰብኩ። ከአራት ድርሰት በኋላ ደብተሩን ሳገላብጥ ገረመኝ። የስህተቴ ዓይነት ብዙ አልነበረም። ሦስት ስህተት ነበረ፤ እነሱኑ ነው በየገጹ የምደጋግመው።

አንደኛው «ዘ» እና «ኤ» ነው። በአማርኛ «ቤት» የሚለውን «ቤቱ» ስንል ነገሩ ከቃሉ ጫፍ ላይ ያልቃል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ከቃሉ በፊት የምትመጣዋን ትንሽ ቃል እንረሳታለን። ሁለተኛው ባለቤቱ ነጠላ ሲሆን ግሱ ጫፍ ላይ የምትቀጠለው «ኤስ» ናት። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ማርዘም ነው። እኛ ሐሳቡን በ«ሆኖ»፣ በ«ሲሆን»፣ በ«ስለሆነም» እያያያዝን መጨረሻ ላይ ያለው ግስ ድረስ መሄድ ለምደናል። በአማርኛ ያምራል። በእንግሊዝኛ ሲሞከር ግን በኮማ የተንጠለጠለ፣ ማሰሪያ ያጣ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። እኔ ረጅሙን ሁሉ ለሁለት መቁረጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ የልጅ ጽሑፍ መሰለኝ። ጓደኛዬ ግን «አሁን ገባኝ የምትለው» አለኝ።

በሁለተኛው ፈተና ራይቲንግ 6.5 መጣ፤ አጠቃላዩ 7.0 ሆነ።

ስለ ኮርስ ለጠየቅሽው፦ ከመክፈልሽ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ። «ስንት ድርሰቴን አርማችሁ ትመልሱልኛላችሁ?» በይ። እኔ የገባሁበት ቦታ የድርሰት ቴምፕሌት (ቀድሞ የተዘጋጀ የድርሰት ቅርጽ) አድሎን ሸኘን። አንድም ወረቀት ታርሞ አልተመለሰልኝም። የሚያርምልሽ ኮርስ ካገኘሽ ግቢ፤ ገንዘብሽ አይባክንም። ካልሆነ ግን ራስሽን ችለሽ አጥኚና የሚያርምልሽ ሰው ብቻ ፈልጊ። ሌሎቹን ሦስት ክፍሎች ብቻሽን ልትለማመጃቸው ትችያለሽ።

ሊስኒንግ 40 ጥያቄ ነው፤ ድምፁ የሚሰማው አንዴ ብቻ ነው። አንድ መልስ ካመለጠሽ ልቀቂው፤ እሱን ስታሳድጂ ቀጣዮቹ ሦስት ያልፉሻል። «ከሁለት ቃል ያልበለጠ» ካለ ሦስት ከጻፍሽ ልክ ቢሆንም ስህተት ነው። የፊደል ግድፈትም ያስጥላል። ሪዲንጉ በ60 ደቂቃ ሦስት ረጅም ጽሑፍና 40 ጥያቄ ነው። እዚያ የሚያሳስተው «ሐሰት» እና «አልተገለጸም» የሚለው ነው። ጽሑፉ ተቃራኒውን ከተናገረ ሐሰት ነው። ዝም ካለ አልተገለጸም ነው፤ አንቺ ከሌላ ቦታ ብታውቂውም። በሁለቱም ክፍሎች ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ባዶ የምትተዪው ቦታ አይኑር።

ስፒኪንጉ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው። መሀል ላይ አንድ ርዕስ ይሰጡሽና አንድ ደቂቃ ታስቢያለሽ፤ ከዚያ እስከ ሁለት ደቂቃ ታወሪያለሽ። ያን ሁለት ደቂቃ ስልክሽ ላይ እየቀዳሽ ተለማመጂ። መጀመሪያ የራስን ድምፅ መስማት ይከብዳል፤ ቶሎ ይለመዳል። ፈታኙ አቋርጦሽ ወደ ሌላ ጥያቄ ቢያልፍ አትደንግጪ፤ ሰዓቱን እየጠበቀ ነው። እኔ ሲያቋርጠኝ የወደቅሁ መስሎኝ ቀሪውን አበላሸሁት። አነጋገርሽ እንደ እንግሊዛዊ መሆን የለበትም፤ በግልጽ ይሰማ እንጂ።

በኮምፒውተር ወይስ በወረቀት የሚል ምርጫ ከሰጡሽ የትየባ ፍጥነትሽን እይ። በኮምፒውተር ስትጽፊ የቃል ብዛቱ ይቆጠርልሻል፤ አንቀጽ ማዛወርም ቀላል ነው። ግን በወረቀት ሲሆን ከሊስኒንግ በኋላ መልስ ለመገልበጥ 10 ደቂቃ ይሰጣል፤ በኮምፒውተር ለማየት ያህል 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ እየሰማሽ እዚያው ማስገባት መልመድ አለብሽ።

የፈተናውን ቀን ደግሞ የማመልከቻው ማብቂያ ጫፍ ላይ አትቁረጪ። ካልተሳካ ሁለተኛ የምትፈተኚበት ጊዜ ይቅርልሽ። ውጤቱ ሁለት ዓመት ስለሚያገለግል ቀደም ማለት አይጎዳሽም። የተመዘገብሽበትን ፓስፖርት ራሱን ይዘሽ ሂጂ፤ ሌላ መታወቂያ ይዘው መጥተው ከበር የተመለሱ ሰዎች ዓይቻለሁ።

ዛሬ ማታ አንድ የድርሰት ጥያቄ ምረጪና ሰዓት ይዘሽ ጻፊ። 40 ደቂቃው ሲያልቅ እጅሽን አንሺና፣ የደረሰበትን እንዳለ ላኪልኝ። መደምደሚያ ባይኖረውም ግድ የለም፤ በኋላ ያሳመርሽውን አልፈልግም። አንብቤ በቀይ አስምሬ እመልስልሻለሁ።