«በእንግሊዝኛ ይቆጥራል፣ ውሃ ግን አይጠይቀኝም»

ጥያቄ

ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት እናት ነኝ፤ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ወንድ ልጄ 2 ዓመት ከ3 ወር ሆኖታል፤ እስካሁን አፉን አልፈታም።

«ማማ» እና «እምቢ» ይላል። ሌላው ሁሉ ከዩቲዩብ የመጣ ነው። «ሬድ፣ ብሉ፣ ግሪን» እያለ ቀለም ይጠራል፤ በእንግሊዝኛ እስከ 10 ይቆጥራል። ሰው ሲሰማው «እንዴት ያለ ጎበዝ ነው!» ይላል። ውሃ ሲጠማው ግን እጄን ይዞ ወደ ፍሪጅ ይጎትተኛል እንጂ አይጠይቀኝም። ሞግዚቱ ከሰላሌ የመጣች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ብዙም ስላልሆነ በኦሮምኛ ነው የምታወራው። ከእሷ ጋር ሲሆን «ቢሻን» (ውሃ) ይላል፤ እሱን አልቆጠርኩትም።

እኔ ባንክ ነው የምሠራው። ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቼ ማታ 12 ሰዓት ተኩል እገባለሁ። ባለቤቴ በጂቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አማቴ «አባቱም ሦስት ዓመት ሞልቶት ነው የተናገረው፤ ወንድ ልጅ ይዘገያል» ይላሉ። ደግሞ መልሰው «ምላሱ ታስሮ ይሆናል፤ የሚያስለቅቅ ሰው አውቃለሁ» ይሉኛል። ጎረቤቴ ሁለት ቋንቋ አደናግሮት ነው ትላለች። መሥሪያ ቤት ደግሞ ኬጂ አስገቢውና ይናገራል ይሉኛል። ጆሮው ደህና ነው፤ ስልክ ሲጠራ ከሌላ ክፍል ሮጦ ይመጣል። ባለፈው ክረምት መግሎበት ነበር፤ ጠብታ ታዞለት ደረቀ። ኦቲዝም ይሆን? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የልጅ እናት፣ ከየካ አባዶ

መልስ

እህቴ፣ ዕድሜሽን ስለነገርሽኝ አንቺ ልበልሽ፤ ትልቋ ልጄ እኩያሽ ናት። ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ባደረግሻት ነገር ላይ ነው። «ባለፈው ክረምት መግሎበት ነበር» ብለሻል። ከእሷ ልጀምር።

የልጅ ጆሮ ሲመግል አብዛኛውን ጊዜ ታምቡሩ ተቀዷል። ብዙዎቹ በራሳቸው ይገጥማሉ። አንዳንዱ ግን ክፍት ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ ቀዳዳው ገጥሞ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይቋጠራል። ይህ ፈሳሽ አያምም፣ አያተኩስም፣ ወደ ውጪም አይወጣም። እናት በምን ታውቀዋለች? ልጁ የሚሰማው ጆሮውን በጣቱ እንደደፈነ ሰው ነው። የስልክ ጥሪ ይሰማል፣ በር ሲንኳኳ ይሰማል። «ስ»፣ «ፍ»፣ «ት»ን የመሰሉ ቀጫጭን ድምፆች ግን ያመልጡታል። ጉንፋን ሲይዘው ይብስበታል፣ ሲለቀው ይሻለዋል፤ ይሄ ደግሞ ቤተሰቡን ያዘናጋል። እስቲ አንድ ነገር እዪልኝ። ስልኩን ሲያይ ጆሮው ሥር አስጠግቶ፣ ድምፁን ከፍ አስደርጎ ነው? የአንቺን ቃል ሳይይዝ የዩቲዩቡን የያዘው ለዚህም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው፤ የመስማት ምርመራ እንዲታዘዝለትም ጠይቂ። «ገና ሕፃን ነው፣ ሲያድግ ይመረመራል» የሚልሽ ካለ እሺ አትበዪ። ዛሬ የተወለደ ሕፃንም ይመረመራል። አንደኛው ዘዴ ትንሽ ጫፍ ጆሮው ላይ ተደርጎ መሣሪያው ራሱ የሚያነበው ነው፤ ልጁ «ሰማሁ» ማለት አይጠበቅበትም። ሌላው እንቅልፍ ሲወስደው ጭንቅላቱ ላይ ሽቦ ተለጥፎ የሚሠራ ነው። የታምቡሩን እንቅስቃሴ የሚለካም አለ፤ የተደበቀውን ፈሳሽ የሚያሳብቀው እሱ ነው። ፈሳሹ ብዙ ጊዜ በ3 ወር ውስጥ ራሱ ይጠፋል፤ ካልጠፋም ሐኪሙ የሚያደርግለት አለ። እስከዚያው ጆሮው ውስጥ ዘይትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ እንዳይገባ አደራ።

አሁን ወደ ቆጠራው። እስከ 10 መቁጠሩን ለሚያደንቁት ጎረቤቶች ተዪላቸው። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው፤ በሚያውቀው ቃል ሰውን ምን ይጠይቅበታል? «ብሉ» የሚለው ሰማያዊ ኳሱን እንድትሰጪው ነው ወይስ ለራሱ እያዜመ? «እምቢ» ሲልሽ ግን ለአንቺ እየነገረሽ ነው። ያቺ አንዲት ቃል ከአሥሩ ቁጥር ትበልጥብኛለች። «ቢሻን»ንም ቁጠሪያት እንጂ፤ ልጁ ጠምቶት ውሃ ጠይቋል፣ ውሃም አግኝቷል። የልጅ ቃል ሲቆጠር በየትኛውም ቋንቋ ያለው አንድ ላይ ይደመራል።

እንዲያም ሆኖ ዘግይቷል፤ አላባብልሽም። 2 ዓመት የሞላው ልጅ ሁለት ቃል አገጣጥሞ «ውሃ ስጪኝ»፣ «አባባ ሄደ» ማለት ይጀምራል። 2 ዓመት ተኩል ላይ ደግሞ 50 ያህል ቃላት ይጠበቁበታል። አማትሽ ያሉት ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ዘግይቶ መናገር በዘር ይሄዳል፤ ወንዶችም ከሴቶች ትንሽ ዘግየት ይላሉ፣ ግን ልዩነቱ የጥቂት ወራት ነው። ከሚዘገዩት ልጆችም ብዙዎቹ በኋላ ይደርሳሉ። የትኛው እንደሚደርስ፣ የትኛው እንደሚቀር ግን አስቀድሞ በመልክ አይታወቅም። ስለዚህ ነው «ጠብቂ» የማልልሽ።

ኦቲዝም ይሆን ላልሽው በደብዳቤ መልስ የሚሰጥሽ ሐኪም ካለ አትመኚው። ምን እንደምታዪ ግን ልንገርሽ። ወደ ፍሪጁ ሲጎትትሽ ዞሮ ፊትሽን ያያል ወይስ እጅሽን ብቻ ነው የሚፈልገው? አውሮፕላን ሲያልፍ በጣቱ ጠቁሞ ያሳይሻል? ጫጫታ በሌለበት ስሙን ስትጠሪው ይዞራል? ይላቸው የነበሩ፣ አሁን የተዋቸው ቃላት አሉ? ፊትሽን የሚያይ፣ የሚጠቁም፣ ስትጠሪው የሚዞር ልጅ ከሆነ ልብሽን አሳርፊ። ካልሆነ፣ ወይም የነበሩት ቃላት ከጠፉ፣ የጆሮውን ቀጠሮ ሳትጠብቂ የሕፃናት ስፔሻሊስት ዘንድ ሂጂና የዕድገት ግምገማ ይደረግለት። ኦቲዝም ቢሆን እንኳ ቶሎ መታወቁ ይጠቅመዋል። እንዲህ ያሉ ልጆች ጓዳ በሚደበቁበት ዘመን ዘሚ የኑስ የራሷን ልጅ ይዛ አደባባይ ወጥታ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፍታለች። ዛሬ ያኔ ከነበሩት እናቶች የተሻለ መሄጃ አለሽ። የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ግን አሁንም ጥቂት ናቸው፤ ወረፋውም ረጅም ነው። ከአሁኑ ተመዝገቢ።

ምላሱን በተመለከተ፣ በጭራሽ! ከምላስ ሥር ያለችው ቀጭን ሥጋ አንዳንዱን ሕፃን ጡት ለመጥባት ታስቸግረዋለች። ልጅ ቃል እንዳያወጣ ግን አታደርግም። ያንቺ ልጅ «እምቢ» እያለ የቱ ምላስ ነው የታሰረው? በምላጭ ምላስ ሲያስለቅቁ፣ እንጥል ሲያስቆርጡ ደም አልቆም ብሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ የመጡ ልጆች አይቻለሁ። ለአማትሽ «ዶክተሯ ከልክላኛለች» በያቸው፤ እኔን ይቀየሙኝ። ጠበል እንውሰደው ካሉ ግን ውሰዱት፣ እኔም አማኝ ነኝ። የጆሮው ቀጠሮ ብቻ እንዳያልፍ።

ሞግዚቷን አማርኛ አታስገድጃት። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። በተሰባበረ አማርኛ ሁለት ቃል ጣል ከምታደርግለት በሞላ ኦሮምኛዋ ተረት ብትነግረው፣ ብትዘፍንለት በጣም ይሻለዋል። ከእሷ ጋር መነጋገር ያለብሽ ስለ ስልኩ ነው፤ በቁጣ ግን አይሁን። ቀኑን ሙሉ ምግብ እየሠራች፣ ልብስ እያጠበች ልጅ የምትይዝ ወጣት ስልክ ብትሰጠው አልፈርድባትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ በዚህ ዕድሜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ ይላል። ሥራ ቀንሺላት፤ ስልኩ ያኔ ይቀንሳል።

አንቺ ማታ ስትገቢ ደክሞሻል፣ ትምህርት ቤት ክፈቺ አልልሽም። «ይሄ ምንድነው? በል እስቲ!» የሚለውን ፈተና ግን ተዪው፤ ልጅ ሲፈተን ይዘጋል። የሚያየውን አንቺ ጥሪለት። ፍሪጁ ጋ ሲያደርስሽ ቶሎ አትክፈቺ፤ «ውሃ?» በዪና ፊቱን እያየሽ ትንሽ ጠብቂው። የሆነ ድምፅ ካወጣ ስጪው። «ውሃ» ካለ «ቀዝቃዛ ውሃ» ብለሽ አንድ ቃል ጨምሪበት። አኩኩሉ ተጫወቱ፤ አንቺ «አኩኩሉ!» ስትዪ ሞግዚቷ ደብቃው «አልነጋም!» ትበልለት። ንግግር ተራ መቀባበል መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ጨዋታ አላውቅም፤ ቆይቶ «አልነጋም»ን እሱ ይነጥቃታል።

ኬጂው ይቆይ። በደንብ የማይሰማ ልጅ ጫጫታ ክፍል ውስጥ ቢገባ ጥግ ይዞ ነው የሚውለው። ውጤቱን ካወቅሽ በኋላ ግን ከልጆች ጋር መዋሉ ጥሩ ነው።

አባቱ ከመንገድ በቪዲዮ ሲደውል ስልኩን አትንፈጊው። እዚያ ውስጥ ያለው ሰው መልስ ይሰጠዋል፤ ከዩቲዩቡ ጋር አይደመርም። የጆሮውን ውጤት ስታገኚ ጻፊልኝ።