ዳገቱን ፈርቼ ልቅር?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲያትል ነው። ጎረቤቶቼ የከተማዋን የጋራ አትክልት ቦታዎች በቡድን በብስክሌት ሊዞሩ ነው። ዳገቱን ፈራሁ። ባዶ እጄን መሄድስ ደስ አይለኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ ሂጂ! በርክ ጊልማን በሚባለው የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ላይ እስካላችሁ ሜዳ ነው። ፒካርዶ ወደሚባለው የጋራ አትክልት ቦታ ስትታጠፉ ነው ዳገቱ የሚመጣው። ማርሹን ቀድመሽ ቀንሺ፤ ካቃተሽም ወርደሽ ግፊው። እኔም ገፍቻለሁ።

ፒካርዶን ግን ሳታዪ እንዳትመለሺ። ‹ፒ ፓች› የሚባለው የከተማዋ የጋራ አትክልት ቦታዎች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው እዚያ ነው። ‹ፒ› የምትለዋም የፒካርዶ ቤተሰብ መታሰቢያ ናት።

እያንዳንዱ መደብ ባለቤት አለው፤ ሳይሰጡሽ ቅጠል አትንኪ። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ከጎመናቸው የታችኛውን ቅጠል ቀንጥሰው ሰጡኝ። ጤዛው ገና አልደረቀም ነበር።

ስለ ባዶ እጅሽ ደግሞ፣ የበሶብላ ዘር በወረቀት ጠቅልለሽ ያዢ።